አራት ምት

ሌሊቱን ዘነበ፣ ዛሬም እየዘነበ ነው፤
በዌልስ ኮረብታ ላይ ይኼ ወሬ አይደለም፣ ኑሮ ነው።
በጎቹ ካብ ተጠግተው፣ ጀርባቸውን ለነፋስ ሰጥተው፣
እኔ ጋራዡ ውስጥ፣ ባትሪ በግንባሬ አስሬ፣
ከቀዩ ሆንዳ ፊት፣ ካቻቢቴ ይዤ፣ አቀርቅሬ።

ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ ባለ ሁለት መቶ ሃምሳ፣
ስንቴ ገደል ገብቶ ስንቴ የተነሳ፤
ማርሚታው በሽቦ የታሰረ፣ መቀመጫው በላስቲክ የተጠቀለለ፣
ሰልባትዮው ላይ ከቀለሙ ይልቅ ጭረቱ ያየለ።
ጎረቤቴ ታልቭሪን ነው በሁለት ጠቦት የለወጠኝ፤
የመጀመሪያ ቀን ረገጥኩት፤ መልሶ ረገጠኝ።
ሦስት ሳምንት ቁርጭምጭሚቴ ጠቁሮ አነከስኩ፤
እሱ በር ላይ ቆሞ አየኝ። አልሳቀም። እኔ ግን አለቀስኩ።

«በጉልበት አይደለም» አለ። «ቀስ ብለሽ ጫኚው፤
የሚገታሽ ቦታ አለ፤ እዚያ ስትደርሺ አትግፊው።
ፒስቶኑ ጣሪያው ጋ ነው። ይቺን ምላስ ሳቢ፣
አንድ ጣት አሳልፊው፣ ትንፋሽሽን ሰብስቢ፣
ከዚያ፣ የለመዱትን ደረጃ በጨለማ እንደሚወርዱ፣
ሙሉ እግርሽን፣ እስከ ታች።»
ተነሳ።
ከጣራው ሥር የነበሩት ርግቦች በሙሉ ሄዱ።

መሳብ፣ ማመቅ፣ መንደድ፣ መትፋት።
አራት ምት።
«ሁለት ምቱ ዘይቱን ከነዳጁ ጋር ጠጥቶ ያብዳል፤
ይኼኛው ግን አንዱን ዙር ይሠራል፣ አንዱን ዙር ያርፋል።»

ካርቡሬተሩን በኩሽና ጠረጴዛ ላይ ፈታን፤
ፀጉር የማታሳልፍ ቀዳዳ በጊታር ክር ከፈትን፤
ለክዳኑ ጓርኒሲዮን ከቁርስ ካርቶን ቆረጠ፣
የዶሮው ሥዕል ወደ ውስጥ፣ ዘይት እየመጠጠ።
ሚስቱ ኦልወን አንዱን ሳህኗን ግሪስ ነክቶት አግኝታ፣
«የሆንዳ» ብላ ጻፈችበት፣ ከመደርደሪያዋ አውጥታ።

በየጸደዩ ቫልቮቹን እንለካለን፣ ሞተሩ በርዶ፣ ጠዋት፣
ከሲጋራ ወረቀት በቀጠነች ብረት።
ያዝ ልታደርጋት ይገባል፣ ግን ልትጣበቅ አይደለም፤
«በበር ሥር እንደሚገባ ደብዳቤ» ይላል፣ «ከዚያ ወዲያ የለም።»
አንድ ቀን ቲክ ቲክ ሲል ደንግጬ አጠፋሁ።
«ምነው?» አለኝ። «ይጮኻል፤ ፈራሁ።»
«የሚጮኸውን አትፍሪ፤ የላላ ቫልቭ ያማርራል፣ ይኖራል።
ዝም ያለውን ፍሪ። የጠበቀ አይዘጋም፤
እሳቱ በጠርዙ ያመልጣል፣
ድምፁን ሳያሰማ፣ ቀስ እያለ ይነድዳል።»

ዘንድሮ ዳገቱ አጋማሽ ላይ መቆም ጀመረ። በግ ልቁጠር ይላል፣
በግ በሌለበት መስክ።
እኔም አብሬው ቆሜ ቆጠርኩ።

በጥቅምት፣ ከአጥሩ በር ሥር ተቀምጦ አገኘነው።
አበሪስትዊዝ ላይ ሐኪሟ፣ ገና ልጅ ናት፣ ሥዕሉን እያሳየችን፣
«ቫልቩ ነው፤ ጠቧል፤ ከቆየ። ምልክት አላያችሁም?» አለችን።
ኦልወን እኔን አየች፤ እኔ እጄን፣
ጥፍሬ ሥር የቀረውን ጥቁር ዘይት።
«ዝም ይል ነበር» አልኩ።

ደረቱን ከፍተው ሰው የሠራውን ቫልቭ አስገቡለት፤
ከገና በፊት ተመለሰ፣ ከስቶ፣ ሸሚዙ ሰፍቶት።
ሻዩ እስኪፈላ ኩሽናው ጸጥ ባለበት፣
ቲክ። ቲክ። ቲክ። ከደረቱ።
ማንም ምንም አላለም።
ከዚያ እሱ፣ በዓይኑ ጠርዝ ወደ እኔ፣
«ላላ ያለ ነው» አለ፣ «አትፍሪ።»

ኦልወን እንቅልፍ ነሳኝ ትላለች፤ ድመቷም ከአልጋው ወርዳ ቀረች።
ባለፈው ሳምንት ለምርመራ ሲያድር ግን ስትገላበጥ አደረች።

እናም ዛሬ፣ ዝናቡ ሳያቆም፣ ለክቼ ጨረስኩ፤
ካንዴላውን አጠበቅኩ፣ ነዳጁን ከፈትኩ፤
ቀስ ብዬ ጫንኩት፤ ገታኝ፤ ምላሷን ሳብኩ።
እሱ በረቱ ደጃፍ ባልዲ ገልብጦ ተቀምጧል፣
ቆቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ጆሮውን ለሞተሩ ሰጥቷል።
አልነገርኩትም፣ ግን ሲሰማ ያውቃል፤
የጭስ ማውጫውን ቫልቭ፣ መመሪያው ካለው ጥቂት፣
በጣም ጥቂት፣ አላልቼዋለሁ።
እንዲሰማኝ።